በቁምሽ ያወጣሽው ተዝካር

ይድረስ ለእናቴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንቺን ግን ስለ ጤናሽ ምን ብዬ እጠይቅሻለሁ፤ ከሕመም ካረፍሽ ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነሽ። ስለዚህ የእኛን ልንገርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ታናሽ እኅቴ ሙሉም ደህና ናት። ቤትሽ ቆርቆሮ ለብሷል። ዝናብ ሲመጣ ጩኸቱ ለጉድ ስለሆነ፣ ብትኖሪ ኖሮ “ሣሬን መልሱልኝ” ማለትሽ አይቀርም ነበር። አምደወርቅ መብራት አለ፤ እኛ ዘንድ ገና ነው። ሞባይል ግን ደርሶናል፤ ለመነጋገር ከቤታችን በላይ ያለችው ጉብታ ላይ መውጣት ግድ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ቆሞ እየጮኸ ስለሚያወራ በአገሩ ምስጢር የሚባል ነገር ጠፍቷል።

ዛሬ ብዕር ያነሳሁት አያ ካሳ ባለፈው እሑድ ያሉትን ልነግርሽ ነው። ግን ነገሩ ሥር አለው፤ ደግሞም ሳልነግርሽ ያስቀረሁት አለ። ከሥሩ ልጀምር።

አባቴ በታመመበት ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ያን ትምህርት የጨረስኩት ሰቆጣ ከጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ አንቺ የቆላሽውን ቆሎና ያደረቅሽውን ድርቆሽ በትከሻዬ እየተሸከምኩ ነው። ለመምህራን ማሠልጠኛ መመረጤን አባቴ በአልጋው ላይ ሆኖ ሰማ። ፈገግ አለ፤ ከዚያ ብዙም አልቆየም። የምዝገባው ቀን ግን ክፉ ቀን ላይ ዋለ፤ ልክ አርባው በሚወጣበት ሳምንት።

አንቺ “ሂድ” አልሽኝ። ንፍሮ ቀቅዬ ቄሶቹን አበላለሁ፣ ጸሎቱን እነሱ ያደርሱታል፣ አባትህ እንደሆነ በሬዎቹን አይበላቸውም አልሽ። በአማርኛ ነበር የተናገርሽው። ስትቆጪ በኽምጣኛ፣ ስትለምኚ በአማርኛ ነበርሽ፤ ያን ቀን እየለመንሽኝ እንደነበር የገባኝ ግን ኋላ ነው።

እኔ የሰማሁት አያ ካሳን ነው። የአባቴ ታላቅ ወንድም እንደመሆናቸው ቃላቸው ከባድ ነበር፤ “ወንድሜ እንደ ውሻ አይቀበርም፤ የበኩር ልጁ ዳስ ሳይጥል ወዴት ይሄዳል?” አሉ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አባታቸውንም አያታቸውንም የሸኙት እንደዚያ ነው። ደግሞስ ማን እጄን ጠመዘዘኝ? አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰው ምን ይለኛል ከሚለው ሌላ የማስበው አልነበረኝም።

ከሁለቱ በሬዎች ቦራን አረድነው። ዳልቻን ሸጠን ጌሾና ገብስ፣ በርበሬና ቅቤ ገዛንበት። አባቴ ከወይፈንነታቸው ጀምሮ ያቀናቸው ጥማድ በአንድ ሳምንት አለቀ። ደብሩ ሁሉ መጣ፤ ሁለት ቀን ተበላ፣ ተጠጣ። እኔም መሃል ለመሃል እየተንጎራደድኩ “የአባቱ ልጅ” ተባልኩ። አልዋሽሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ዳሱ ሲፈርስ አንቺ ከደጅ የወደቀውን ቀንበር አንስተሽ፣ አቧራውን በነጠላሽ ጠርገሽ ወደ ቤት ስታስገቢው አየሁሽ። 

ማሠልጠኛው ስደርስ አሥር ቀን አልፎኝ ነበር። ቦታዬ ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። መዝጋቢው ደግ ሰው ነበሩ፤ ሐዘን ላይ መሆንህን አንድ ሰው ልከህ ብታስታውቀን ኖሮ እናቆይልህ ነበር አሉኝ። እስቲ አስቢው፤ በሬ አርደን አገር ስንጠራ ያልቸገረን ሰዎች አንዲት ወረቀት የሚያደርስ መላክ አላሰብንም። ለአንቺ ግን “ለከርሞ ና አሉኝ” ብዬ ዋሸሁሽ። እግሬን አጠብሽኝና “ለከርሞ ያድርሰን” አልሽ። ከርሞም ደረሰ፤ እኔ ሁመራ ሰሊጥ አጭድ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጸጸቴ የመጣው እዚያ፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው። ሁለት ዓመት ሠርቼ ያመጣሁት ነገር ቢኖር ቢጫ ፊት ብቻ ነው። በሬ የሌለው ቤት መሬቱን ለእኩል ይሰጣልና፣ የእኛን ያረሱት ደግሞ እነዚያው አያ ካሳ ናቸው። ዳስ ይጣል ያሉት ሰው የእህላችንን እኩሌታ በየዓመቱ ሲወስዱ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣሽም። በእርሻው ቀን ምሳቸውን ራስሽ ተሸክመሽ ትወስጂላቸው ነበር። እኔ ከሩቅ እያየሁ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ድንጋይ መጥረብ ተማርኩ። ለዋግ ሰው ድንጋይ መቼ ይቸግረዋል። ግንበኛ ሆንኩ፤ አጥር ሠራሁ፣ ቤት ሠራሁ፣ ቆይቶም ኒሯቅ ድረስ እየተጠራሁ የትምህርት ቤት ግንብ አቆምኩ። አንድ ቀን የጨረስነው ክፍል ውስጥ ብቻዬን ገባሁና ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ትንሽ ቆሜ አየሁት። ከዚያ በእጅጌዬ አጠፋሁትና ወደ ጭቃዬ ተመለስኩ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከግንቡ ያመጣሁልሽን ከእንቁላልሽና ከፍየሎችሽ ጋር እያጠራቀምሽ ወይፈን ገዛሽ። አደገ፣ ደለበ፣ በሬ ሆነ። መበለት በሬ ስታደልብ ለምን እንደሆነ ለማንም አይነገርም፤ አንቺም አልካድሽም፣ ለጠየቀሽ ሁሉ “የተዝካሬ ነው” ትይ ነበር። አያ ካሳ በደጃችን ባለፉ ቁጥር ወገቡን ዳሰስ አድርገው፣ “ደህና ይዟል” ብለው ይሄዳሉ። እኔም ለእናቴ ዳስ የምጥልበትን ቦታ በልቤ መርጬ ነበር። ሞኝ ሁለት ጊዜ ይማራል።

ሙሉ ለጤና ትምህርት ኮሌጅ ስታልፍ ግን በሬውን ራስሽ እየነዳሽ አምደወርቅ ገበያ አወጣሽው። ሴት በሬ ስትሸጥ ያየ የለምና ሰው ሁሉ ቆሞ አየሽ። ባዶ ገመድ ይዘሽ ስትመለሺ ጎረቤቱ ምን ሆነሽ ነው ቢልሽ፣ “ተዝካሬን በቁሜ አወጣሁ” አልሽ። ማን በላው ሲሉሽ በጣትሽ ሙሉን አሳየሽ። “እሷ ናት። ብቻዋን ጨርሳ በላችው።” የነፍስ አባትሽ እንኳ የቁም ተዝካር ድኻ ይበላበታል እንጂ ብለው ሊመክሩሽ ቢሞክሩ፣ “አባቴ፣ ከእሷ የባሰ ድኻ ያምጡልኝ” አልሻቸው። ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው መስቀላቸውን አሳልመውሽ ሄዱ። ሰው ግን ብዙ ጊዜ አማሽ። ተዝካሯን የበላች ሴት አሉሽ፤ በሰርግ ላይ ሳይቀር ቀለዱብሽ። አንቺ ከቀልደኛው ጋር አብረሽ ትስቂ ነበር፤ እኔ ግን አንገቴን እደፋ ነበር። ለዚያ ይቅር በይኝ።

በመጨረሻ አልጋ ላይ ሆነሽ፣ ማሠልጠኛው ለከርሞ እንዳላለኝ ከመጀመሪያው እንደምታውቂ ነገርሽኝ። እንዴት ብልሽ፣ እግርህን ሳጥብ ቀና ብለህ አላየኸኝም አልሽ። ከዚያ ያልሽው ነው ሌሊትም ቀንም የማይለቀኝ። “የእኔ ጸጸት ድህነቱ አይደለም፤ ሂድ ብዬ አንዴ ተናግሬ ዝም ማለቴ ነው። እየጎተትኩህ መውሰድ ነበረብኝ።” እኔ የራሴ ጥፋት ብቻ ይመስለኝ የነበረውን ያን ሁሉ ዓመት አንቺም በበኩልሽ ተሸክመሽው ኖረሻል። ለእኔም አደራ ብለሽ ያስማልሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሙሉ እስክትጨርስ አንድ ሣንቲም ለዳስ እንዳይወጣ።

አሁን የደበቅሁሽ ይኸውልሽ። አርባሽ ሊሞላ ሁለት ቀን ሲቀረው ገበያ ወጣሁ። አያ ካሳ “በቁም አወጣሁ ማለት ጨዋታ ነው፤ ማን በላ፣ ማን ጠጣ፤ እናትህን ይታይሽን ያህል ሴት ባዶ እጅ ልትሸኝ ነው ወይ?” ብለውኝ ነበር። ሙሉ ትምህርቷን ለመጨረስ አንድ ዓመት ይቀራታል፤ የዓመቷ ገንዘብ በኪሴ ነው። በሬ አየሁ፤ ወገቡን ዳሰስኩ፤ ዋጋ ተነጋገርን። ገመዱን በእጄ ይዤ ነበር፣ እናቴ። በሬው ሲዞር ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፤ ቦራ ነው። አንቺ ቀንበሩን በነጠላሽ ስትጠርጊ ታየሽኝ። ገመዱን ለባለቤቱ መልሼ፣ ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ሰውየው ዋጋው የበዛብኝ መስሎት ሁለት ጊዜ እየቀነሰ ተከተለኝ።

በአርባሽ ቅዳሴ ተቀደሰ፣ ፍትሐት ተፈታ። ንፍሮ ቀቀልን፤ ሙሉ ጠላ ጠምቃ ነበር፣ ቀጠነ እንጂ አልከፋም። ዳስ አልነበረም። አያ ካሳ መጥተው አንዲት ጭብጥ ንፍሮ ቆመው ቃሙና ሳይቀመጡ ሄዱ። ከኋላቸው ብዙ ሰው ሄደ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ሳልል አንገቴን ቀና አድርጌ ቆምኩ። ከሠራሁት ግንብ ሁሉ የምኮራው በዚያች ቀን ነው።

ሙሉ ተመርቃ ጽጽቃ ጤና ጣቢያ ተመደበች። ነጭ ጋውን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ግድግዳው ላይ፣ ቀንበሩ ከተሰቀለበት ጎን አለ።

አሁን ወደ እሑዱ ልምጣ። አያ ካሳ ደክመዋል፤ ዓይናቸውም ከድቷቸዋል። ልጆቻቸውን፣ የነፍስ አባታቸውንና እኔን አስጠሩን። የልጅ ልጃቸው አሥረኛ ክፍል አልፋ መሰናዶ ለመግባት ሰቆጣ መውረድ አለባት። በረታቸው ውስጥ የደለበ በሬ አለ፤ ለምን እንደደለበ ሁላችንም እናውቃለን። “ይሸጥ፤ ልጅቷ ትማርበት” አሉ። ልጃቸው “አባቴ፣ ነውር ይሆንብናል” ቢላቸው፣ ወደ እኔ ዞረው እንዲህ አሉ፦ “በዕድሜዬ ስንት ተዝካር በልቻለሁ፤ የማንን እንደበላሁ ዛሬ አላስታውሰውም። የይታይሽን ብቻ አልበላሁም፤ እሱን ግን አንድ ቀን ረስቼው አላውቅም። ለእኔም እንደ እሷ አድርጉልኝ።”

 ወጥቼ ጉብታዋ ላይ ወጣሁና ለሙሉ ደወልኩላት። እየጮህኩ ነገርኳት፤ ስምሽን ሁለት ጊዜ ጠራሁ። ከታች የነበረ ሁሉ ሰማ፤ ይስማ።

እናቴ፣ አስተማሪ አለመሆኔ ዛሬም ይቆጨኛል። ልጆች ደብተር ይዘው ሲያልፉ መዶሻዬን የማቆምበት ጊዜ አለ። በአንቺ ልጅነቴ ግን እኮራለሁ፤ ይኸ ከቁጭቱ ይበልጥብኛል። በየዓመቱ በዕለትሽ ንፍሮ እቀቅላለሁ፤ እጄ ድንጋይ እንጂ ድስት አያውቅምና ቢጠነክር ታገሽኝ። ከዚህ አገር ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ሲኖር ደግሞ፣ ቤቱ ሐዘን ቢሆን እንኳ፣ ደጁ ድረስ ሄጄ “ሂድ” እለዋለሁ። እምቢ ካለኝ በማግስቱ እመለሳለሁ። አንቺ አንዴ ተናግረሽ ዝም ያልሽውን እኔ እስኪሄድ ድረስ እናገራለሁ።

ልጅሽ አያሌው