የባለቤቴ ወባ እና የጓድ ካሳሁን ቱቦ

ይድረስ ለተከበሩ ጓድ ዶክተር ወልደአማኑኤል፣
የሐይቅ ዳር ሆስፒታል የበላይ ኃላፊ፣
አዋሳ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ጤናዎን አጥብቄ የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ ቢታመሙ በየትኛው ክፍል እንደሚተኙ ስለማውቅ፣ ገና ሳይታመሙ ስለምቀናብዎ ነው።

ይህን ደብዳቤ በሆስፒታሉ መግቢያ ባለው የሂስ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው በድፍረት አይደለም። ከሰሌዳው በላይ «ሂስ እንደ መድኃኒት ያድናል» ተብሎ በቀይ ቀለም ስለተጻፈና ሌላው መድኃኒት ስላልተገኘልን፣ ይህንኑ ልሞክር ብዬ ነው።

በደንቡ መሠረት ከግለ ሂስ ልጀምር። እኔ ማቴዎስ ሌዳሞ፣ ፒያሳ ጫማ የምሸጥ ሰው፣ ቀናተኛ ነኝ። ቅናት የንዑስ ከበርቴ ጠባይ መሆኑን በቀበሌያችን የውይይት ክበብ በሚገባ ተምሬአለሁ፤ ሆኖም አልለቀቀኝም። በቤት ወይም በመኪና ብቀና ኖሮ ለሰው ለማውራትም ባልከበደኝ፤ እኔ ግን የምቀናው በጓድ ካሳሁን አንገት ሥር በገባው ቱቦ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ባለቤቴ ታቢታ የመጀመሪያ ልጃችንን ስትወልድ ብዙ ደም ፈሰሳትና ኩላሊቷ ሥራ አቆመ። ሐኪሞቹም ኩላሊቷ እስኪያገግም ድረስ፣ ከወዳጅ አገር በስጦታ በመጣው መሣሪያ ደሟ እንዲታጠብ ብለው አንገቷ ሥር ቱቦ አስገቡላት። ስለዚህ ነገር ሳላፌዝ አመሰግናለሁ። ከእሷ ቀጥሎ ባለው ክፍል ደግሞ የክፍለ ሀገሩ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ የሆኑት ጓድ ካሳሁን በዚያው የኩላሊት ሕመም ተኝተዋል። መሣሪያው አንድ፣ ቱቦው አንድ ዓይነት፣ ሐኪሙም አንድ ስለሆነ፣ እኩልነት ማለት ለካ ይህ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

፩ኛ/ ስለ ፋሻው። የጓድ ካሳሁን ቱቦ በተነካ ቁጥር ነርሷ እጇን ትታጠባለች፣ ጓንት ታጠልቃለች፣ አዮዲን ትቀባለች፣ አዲስ ፋሻ ከነመጠቅለያው ትከፍታለች። የታቢታ ፋሻ ግን ጠርዙ ጠቁሮ፣ ከእሷ ጋር ኖሮ ኖሮ ቤተሰብ ሆኗል። ይቀየርልኝ ስትል ፋሻ አልቋል ተባለች፤ እኔ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ባመጣም በሆስፒታሉ ያልተቀቀለ ነው ተብሎ ተመለሰብኝ። ለንጽሕና ስላላችሁ ጥንቃቄ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ/ ስለ ብርድ ብርዱ። ባለፈው ሳምንት ሁለቱም ታማሚዎች አተኮሳቸውና ተንቀጠቀጡ። ጓድ ካሳሁን ሲንቀጠቀጡ ኮሪደሩ በሩጫ ተሞላ፤ ሕመሙ በቱቦው በኩል ደም ውስጥ የገባ ነው ተብሎ ቱቦው ወዲያው ወጣ፣ ደማቸው በላንድሮቨር አዲስ አበባ ለምርመራ ሄደ፣ ከተቆለፈው ቁም ሣጥንም መርፌ ወጣላቸው። ትኩሳቱ ሲበርድላቸው በሌላኛው ጎን አዲስ ቱቦ ገባላቸው፤ ዛሬ ተቀምጠው የዓሣ ሾርባ ይጠጣሉ። ታቢታ ስትንቀጠቀጥ ግን ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተጨመረላትና ወባ ነው፣ ሐይቅ ዳር እየኖራችሁ ሌላ ምን ትጠብቃላችሁ ተባልን።

እውነት ነው፣ እዚህ አገር ብርድ ብርድ ያለው ሁሉ ወባ ነው፤ እኛም ቤታችን ሆነን እንዲሁ እያልን ክኒን እንውጣለን። ደሟ ደጋግሞ ታይቶ ግን ወባ አልተገኘበትም። ደግሞስ ይህቺ ወባ እንዴት ያለች ሥርዓት አዋቂ ናት! ቀኑን ሙሉ ድምፅዋን አጥፍታ ትውልና መሣሪያው ደሟን ለማጠብ ሲነሳ እሷም ትነሳለች። ጓድ ካሳሁን የሚኖሩት ከእኛ ይልቅ ለውኃው ቀርበው ነው፤ ትንኝ ሹም አትነክስም እንዴ?

፫ኛ/ ስለ ትርፉ ቱቦ። የእሷም ይውጣላት ብዬ ቢሮዎ ደጃፍ ስቆም፣ የቀረው ቱቦ አንድ ብቻ እንደሆነና እሱም ለጓድ ካሳሁን ምናልባት ቢያስፈልግ ተብሎ እንደተቀመጠ በትሕትና አስረዱኝ። አቤት መታደል! የእኔዋ መግል በያዘው ቱቦ ስትሰቃይ፣ እሳቸው ሁለተኛውን ለብሰው ሦስተኛው ይጠብቃቸዋል። ክፉ አልመኝላቸውም፣ ይዳኑ፤ ነገር ግን ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ስትልጥላቸው በመስኮት አይቼ፣ እንደ ሌባ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ዓርብ መሣሪያው ደሟን ማጠብ ከመጀመሩ በፊት የታቢታ ቱቦ ወጥቶ ከዚያው ቁም ሣጥን መርፌው ይሰጣት። በኋላ ወባ ሆኖ ከተገኘ፣ በዚሁ ሰሌዳ ላይ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሴት መሆኗና ሥልጣን የሌላት መሆኗ እንቅፋት ከሆነም፣ ለዚህ ሰሞን ብቻ ጓድ ካሳሁን ተብላ ትታከም፤ እኔ ቅር አይለኝም።

ለትንኞች የሰጡትን እምነት ጥቂቱን ለታማሚዎችዎ እንዲያካፍሉ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እየለመንኩ፣ ረጅም ዕድሜና ትኩሳት የማይደፍረው ገላ እመኝልዎታለሁ።

አክባሪዎና በቅናት የነደደው
ማቴዎስ ሌዳሞ
አዋሳ፣ ጥቅምት ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው ከመለጠፉ በፊት የፈቃድ ማኅተም ያስፈልገዋል ስለተባልኩ፣ ማኅተሙን ስጠብቅ ዓርብ አለፈ። ታቢታ ዓርብ ማታ፣ መሣሪያው ላይ እንዳለች አረፈች። ከላይ ከጻፍኩት አንድ ቃል አልቀየርኩም። የለመንኩት ቱቦ ወጥቶላታል፤ ያወጡላትም እህቶቿ ናቸው፣ ለቀብር ሲያጥቧት። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ አጥቤ ቤቴ አስቀምጬዋለሁና፣ ለሚቀጥለው የወባ በሽተኛ እንዲሆናችሁ ሰው ልከው ያስወስዱት።