ጠበል የገባው ወንድማችን

ውድ ወንድሜ እንድርያስ፣

በቅድሚያ የመኪናውን ቁልፍ ይህን ደብዳቤ ላቀበለህ ለሾፌር ጓደኛህ ለመሐሙድ ስጠው። አትከራከረው። ከሰጠኸው በኋላ ቁጭ ብለህ አንብብ።

በስልክ ያልነገርኩህ መሪ ይዘህ እንዳትሰማው ፈርቼ ነው። ሸዋንግዛው ጠበል አልገባም። ታላቅ ወንድማችን ሞቷል፤ ቀብረነዋል፤ አርባውም እየቀረበ ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ሱቁ ውስጥ ለአንድ ጠበቃ ወረቀት እያባዛ ሳለ «ደረቴን ጨመደደኝ» አለ፤ ወንበሩ ጋ ሳይደርስ ወደቀ። ሆስፒታል አድርሰነው ነበር፤ አልተረፈልንም። ገና አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር።

«ጠበል ገብቷል፣ ስልክ አይፈቀድም» ያልንህ አጎታችን ጋሽ አምሳሉ መክረውን ነው። «ልጁ በረሃ ላይ ነው። ብቻውን መርዶ ሰምቶ ገደል ቢገባስ? ሲመጣ ዘመድ ሰብስበን በማለዳ እንነግረዋለን» አሉ። ደግ ነገር መስሎን ተስማማን። አንተ ግን ጭነት በጭነት ላይ እየደረብክ ከጅቡቲ ሞጆ ስትመላለስ ቤት መምጣቱን ተውከው። በቪዲዮ በደወልክ ቁጥር ጥቁሬን አውልቄ ያቺን ቢጫ ሹራብ እለብሳለሁ። አንድ ቀን «ምነው እንዲህ አማረብሽ፣ ባል አገኘሽ እንዴ?» አልከኝ። ስልኩ ሲዘጋ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ትናንት ከአዋሽ ደውለህ ደረትህን እንደጨመቀህ፣ ግራ እጅህ እንደደነዘዘ፣ ክሊኒክ ገብተህ እንደወጣህ እየሳቅህ ነገርከኝ። «ሐኪሙ ‹ከቤተሰብህ በልብ የሞተ አለ?› ሲለኝ፣ ‹ኧረ የእኛ ቤት ወንድ ልቡ ብረት ነው!› አልኩት። የጨጓራ ኪኒን ሰጥቶ ሸኘኝ» አልክ። ዝም ስል ኔትወርክ የተቆረጠ መስሎህ «ሃሎ፣ ሃሎ» ትል ነበር። አፌን በእጄ አፍኜ እየሰማሁህ ነበር።

ሸዋንግዛውን የመረመረችው ሐኪም «አባታችሁስ በምን ሞቱ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ምች ነው፤ በግንቦት ልደታ ከንግሥ ሲመለስ ፀሐይ መታው» አልኳት። ዕድሜውን ጠየቀችኝ። አርባ ስድስት ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እሱም ልቡ ሳይሆን አይቀርም አለች። የሸዋንግዛው ደም ውስጥ ያለው ስብ ከልክ ያለፈ ነው፤ ከወላጅ የሚወረስ ይመስላል፤ የልብን ደም ሥር ሰው ሳያረጅ ይዘጋል፤ ቀጭን ነኝ፣ ጾመኛ ነኝ ብሎ መዘናጋት አይቻልም። «ወንድም ካለው ዛሬ ነገ ሳይል ይመርመር» አለችን። አንተ አርባ አራት ሞልቶሃል።

ጋሽ አምሳሉም አጠገቤ ቆመው ሰምተዋል። ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ግን «የዘር በሽታ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ፤ የሸዋንግዛውን ሴት ልጆች ማን ያገባቸዋል?» አሉኝ። ትናንት እየሮጥኩ ሄጄ ያንተን ስነግራቸው ደግሞ «ታዲያ ልቡ ታሞ ሳለ እንዴት መርዶ ይነገረዋል?» ብለው ተቆጡ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚወዱህ። ልብህን እንጠብቅ ብለው ሊገድሉህ ነው።

እኔም ተመርምሬ ተገኝቶብኛል። በየቀኑ ኪኒን እውጣለሁ። መድኃኒት አለው እኮ፣ እንድርያስ! አባባና ሸዋ ግን ሳያውቁት ሄዱ።

መርዶ ለብቻ እንደማይነገር አውቃለሁ። በሩ ላይ የቆሙት ሾፌሮች መሐሙድ ላንተ ብሎ የጠራቸው ናቸው። ዛሬ ግን ለቅሶው ይቆይ። እሱ አሁኑኑ አዳማ ሆስፒታል ያደርስሃል፤ እኔም እዚያ በር ላይ እጠብቅሃለሁ። በጥቁር ልብሴ ነው የምታገኘኝ።

ሐኪሙ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቅሃል። «አለ» በለው። አባቴ በአርባ ስድስት፣ ወንድሜ በአርባ ስምንት በለው። ከዚያ አብረን እናለቅሳለን።

እማማ ስትመርቀን «ቅበሩኝ» ትል እንደነበር ታስታውሳለህ። እኔ አንዱን ወንድሜን ቀብሬያለሁ። አንተ ግን ቅበረኝ።

እህትህ እድላዊት
ልደታ