ያላየሁትን የጻፍኩበት ደብተር

ውድ የልጆቼ እናት፣

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ አታንብቢው። የቅየሳ መሣሪያሽን አስቀምጪ፣ ድንኳንሽ ግቢና ተቀመጪ። ልጆቹ ሁለቱም አሉ፤ አሁን ከፊቴ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ማንኪያ ለሁለት እየተናጠቁ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግርሽ መጥፎ መጥፎውን እንዳታስቢ ብዬ ነው። በስልክ ልነግርሽ ሦስት እሁድ ሞክሬያለሁ። የካምፑ ሰዎች ከኋላሽ ለስልኩ ተሰልፈው «ቶሎ በይ እንጂ» ሲሉ ይሰማኛል፣ ደህና ነን ብዬሽ እዘጋለሁ። ደህና አይደለንም። ቢያንስ እኔ ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ።

ነገሩ ከደብተሩ ይጀምራል።

ወደ መንገድ ሥራው ስትሄጂ ድንቡሼ ልጃችን አራት ወሩ ነበር። ጉንጩ እንደዛሬው በሁለቱም በኩል ተንጠልጥሎ ነበር። አንቺ በር ላይ ቆመሽ አዲስ ደብተር ሰጠሽኝ። ለእህቱ እንዳደረግሽው በማስመሪያ ሦስት ቦታ ከፍለሽዋል፦ ቀን፣ ምን አደረገ፣ ማን አየ። «እኔ የማላየውን አንተ ታይልኛለህ» አልሽኝ። «በየወሩ ገልብጠህ ላክልኝ። አንድም ነገር እንዳያመልጥህ።» እኔም ሳቅሁብሽ። በየሰዓቱ መመዝገብ ሥራው ለሆነ ሰው ይሄ ይነገራል? የውሃ ማጣሪያው ግፊት፣ የጋኑ ከፍታ፣ የክሎሪኑ መጠን፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመለኪያ መርፌ እያየሁ ቁጥር ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንድ ሕፃን ያቅተኛል?

ስለ ሥራችን አንድ ልማድ ግን ነግሬሽ አላውቅም። የአንዱ መለኪያ መርፌ ሲጣበቅ፣ ወይም ተረኛው ሳያነብ ሰዓቱ ሲያልፍበት፣ ቦታውን ባዶ አይተወውም። ከላይ ያለውን ቁጥር ይገለብጥና ከጎኑ ትንሽ ነጥብ ያደርጋል። ነጥቧ በእኛ ዘንድ «ይህ አልታየም፣ ካለፈው የተወሰደ ነው» ማለት ናት። አለቃችንም ያውቃታል፣ እሱም በጊዜው ያደርጋት ነበር። ውሃ ከሰዓት ሰዓት ያን ያህል አይለዋወጥም፤ በነጥብ የተጎዳ ሰው አይተን አናውቅም።

የመጀመሪያዋን ነጥብ ያደረግሁት በአምስተኛው ወር ነው። ከሥራ ስመለስ እማማ፣ እኚያ ከታች ቤት ያሉት ጡረተኛ፣ ልጆቹን የሚይዙልኝ፣ «ልጅህ ተገለበጠ እኮ!» አሉኝ።

«መቼ?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ዞር ስል በጀርባው ነበር፣ መለስ ስል በሆዱ አገኘሁት።»

ማን አየ በሚለው ሥር ምን ልጻፍ? የእህቱን፣ የዳኛዋን ደብተር ከመሳቢያ አወጣሁ። (አሁንም ዳኛዋ ናት፤ ባለፈው ሳምንት የጥርስ ብሩሿን «ጥፋተኛ ነሽ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመቻት።) በአንቺ እጅ ጽሑፍ «አምስት ወር ከአራት ቀን፣ ከጀርባዋ ወደ ሆዷ ተገለበጠች፣ እኔ አየሁ» ይላል። ያንኑ ገለበጥኩ፣ ነጥቤን አደረግሁ። ላንቺ በላክሁት ቅጂ ላይ ግን ነጥቧን ተውኳት። ምን እንደሆነች አታውቂም፣ ትጠይቂኛለሽ፣ ማስረዳቱ ይረዝማል ብዬ ነው።

ሁሉም ውሸት እንዳይመስልሽ። ጥርሱ እውነት ነው፤ ጣቴ ምስክር ነች። ያለ ድጋፍ የተቀመጠውም እውነት ነው፤ እንደ ጆንያ ቁጭ አለና በራሱ ተገርሞ እኛን አየን። ጎመዘዘው ብለን ስንስቅ የሎሚውን ቁራጭ መልሶ አፉ የከተተውም እውነት ነው።

ሰባተኛው ወር ላይ ግን የአንቺ ደብተር እንዲህ ይላል፦ «ስሟን ስጠራ ዞር አለች። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ዞረች።» በዚያው ቀን እኔም ከኋላው ሆኜ ስሙን ጠራሁት። ማንኪያውን እያኘከ ነበር፤ አልዞረም። ደግሜ ጠራሁት። ማንኪያው በልጦበት ነው አልኩ። ነገ መዞሩ አይቀርም ብዬ ዛሬ ጻፍኩት፣ ነጥብ አደረግሁ። «ባ፣ ባ፣ ባ አለ»፣ ነጥብ። «በር ሲንኳኳ ወደ በሩ አየ»፣ ነጥብ። አንቺም «ልክ እንደ እህቱ ነው፣ በቀን እንኳን አይለያዩም!» ብለሽ ጻፍሽልኝ። እንዴት ይለያዩ?

በስምንተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ትልቁ የብረት ትሪ ከመደርደሪያው ላይ ወደቀ። ከድንቡሼ ጀርባ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት። እኔ ዘለልኩ፣ ዳኛዋ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች፣ እማማ ከታች «ምን ተሰበረ?» ብለው ተጣሩ። ትሪው ለብዙ ጊዜ እየዞረ ሲያቃጭል እሱ የካልሲውን ጫፍ መጎተቱን አላቆመም። ዐይኑን እንኳን አላርገበገበም።

ከጀርባው ሄጄ አጨበጨብኩ፤ ዞረ! እንዴት እንዳቀፍኩት አልነግርሽም። ከዚያ ግድግዳው ላይ ጥላዬን አየሁ፤ የእጄ ጥላ ልክ ከፊቱ ያርፋል። ቦታ ቀይሬ ደግሜ አጨበጨብኩ። አልዞረም። ሦስተኛ አልሞከርኩም። ያንን ትሪ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩት፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚጮህ ነገር በወደቀ ቁጥር ልጁን ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ። እማማ «እንዲህ ያለ የተባረከ ልጅ! ጎረቤት ሚስማር ሲመታ ቢውል እንቅልፉን አይተውም» ሲሉኝ ወሬ እቀይራለሁ።

የዘጠኝ ወር ክትባቱ ቀን ደብተሩን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተር ልጁን መዘነች፣ ለካች፣ ከዚያ «ስሙን ስትጠሩት ይዞራል?» አለችኝ።

አይዞርም ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። «እዚህ ላይ ተመዝግቧል» አልኳት፣ ደብተሩን ሰጠኋት።

ገልጣ ገልጣ አየች። «እናቱ ናት የጻፈችው?»

«እኔ ነኝ። እናቱ ለሥራ ሩቅ ናት።»

«ኧረ ወንድሜ! እዚህ ቤት ስንት ዓመቴ ነው፣ እንዲህ የሚከታተል አባት አላየሁም።» ጓደኛዋን ጠርታ አሳየቻት። ሁለቱም በአድናቆት አዩኝ። አልዋሽሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ካርዱ ላይ መስማት በሚለው ትይዩ «ደህና» ብላ ጻፈች፣ ማኅተሙን አሳረፈች። በማኅተም ተመልሶ ሲመጣልኝ የራሴን ውሸት አመንኩት። እየዘፈንኩ ነው ቤት የገባሁት።

አንቺ ቀያሽ ነሽ። የመጀመሪያው ችካል አንድ ስንዝር ከሳተ መንገዱ ተራራ ላይ ይወጣል እያልሽ ሠራተኞችሽን የምትቆጪ ሴት፣ እኔ እነዚያን ሁሉ ችካሎች ሳላይ ስተክል እንደኖርኩ ስታነቢ ምን እንደምትዪኝ አስባለሁ።

አራት ወር እንዲህ ሄደ። ዓመቱን ደፈነ፣ ሶፋውን ይዞ ቆመ፣ ሄደም። አንዲት ቃል ግን አልወጣውም። ያ በስድስት ወሩ ይለው የነበረው ጉርምርምታ ራሱ ቀስ በቀስ ጠፋ፤ ወንድ ልጅ ይዘገያል እያልኩ ራሴን ደለልኩ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ምድጃው ተለኩሶ ውሃ ጥጄ ነበር። ዕቃ እያጠብኩ ዞር ስል ድንቡሼ እየተንገዳገደ በቀጥታ ወደ ምድጃው ይሄዳል። እጄ እንደራሰ «ተው! ተው!» እያልኩ ጮህኩ፤ በሕይወቴ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። እሱ ይሄዳል። ዳኛዋ ግን አልጮኸችም። ካለችበት እግሯን አነሣችና የጣውላውን ወለል ሁለት ጊዜ ረገጠች፤ ድው፣ ድው። ቆመ። ዞረ። እሷን አይቶ ሳቀ።

ሮጬ አነሣሁት። ይዤው እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ መጮህ ጥፋት ነው» አለችኝ፤ ፍርዷን ስትሰጥ እንደምታደርገው እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «እሱ በእግር ነው የሚጠራው።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ድሮም እንደዚህ ነው የምናደርገው።»

ድሮም። ገና አራት ዓመት ያልሞላት ልጅ ወንድሟን ማየት ያለባትን ያህል አይታው፣ የሚጠራበትንም መንገድ ፈልጋ አግኝታ፣ ነገሩን ከጨረሰች ቆይታለች። ደብተር የላትም እሷ።

በማግስቱ ፈረቃዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ልጁን አዝዬ ሲስተር ዘንድ ሄድኩ። ሁሉን ነገርኳት። ነጥቧን አሳየኋት፣ ምን ማለት እንደሆነች አስረዳኋት፣ እያስረዳሁም ልማዱ እንዴት የሞኝ ልማድ እንደሆነ ለራሴ ተሰማኝ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ጣቷን እያስኬደች ነጥቦቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ ናቸው።

«አራት ወር» አለች ቀስ ብላ። «ያኔ ብትነግረኝ ያኔ እልከው ነበር።»

«አሁን ረፍዷል?»

«አላልኩም። ትንሽም ቢሆን የሚሰማው ነገር ካለ በመሣሪያ ይረዳል። ባይሰማም ደግሞ በእጅ መነጋገር ይማራል፣ እናንተም ትማራላችሁ። ግን ቋንቋ ወደ ልጅ የሚገባበት ጊዜ ይሄ ነው ወንድሜ፤ የሚጠፋ ቀን የለንም።» ወደ ትልቁ ሆስፒታል ጆሮ ክፍል የሚያስገባ ወረቀት ጻፈችልኝ። ወረፋው ረጅም ስለነበር ቀጠሮው የተሰጠን ለፊታችን ማክሰኞ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ደብተሩን ስትመልስልኝ «ይዘኸው እንዳትሄድ» አለችኝ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ ይህቺን አንቀጽ ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። እሁድ እሁድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርግልኝ ትዪኛለሽ፣ አደርጋለሁ፣ ያንን ለእህቱም ታዜሚላት የነበረውን እሽሩሩ ታዜሚለታለሽ። ጨርሰሽ «ምን አለ?» ስትዪኝ «ሳቀ» እልሻለሁ። አልሳቀም። አንዳንዴ ስልኩን ሊበላው ይሞክራል፣ አንዳንዴ ገፍቶኝ ይሄዳል። ሲሄድ ስልኩን ወደ ራሴ ጆሮ አዞረዋለሁ፤ እስክትጨርሺ ድረስ የማዳምጥሽ እኔ ነኝ። ከዚያ ሁሉ እሁድ ጥቂት ደርሶት ይሆን? አላውቅም። ከምንም በላይ የምፈራው ይህን ስታነቢ ፊትሽ የሚሆነውን ነው፤ እኔ አጠገብሽ አይደለሁም፣ ይዞ የሚያጽናናሽ ሰው የለም።

ማክሰኞን ጠብቄ ውጤቱን ጨምሬ ልልክልሽ አስቤ ነበር። ከዚያ ራሴን አወቅሁት። «ይሰማል» ካሉኝ ይህን ደብዳቤ ቀድጄ ደስ የሚል ሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም አንዱንም ሳታውቂ ትኖሪያለሽ። «አይሰማም» ካሉኝ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራት ስል ሌላ ወር ይሄዳል። ስለዚህ ምንም ሳላውቅ፣ ዛሬ፣ እንደፈራሁ እልክልሻለሁ። ለካምፓችሁ ስንቅ የሚያመላልሰው ሾፌር በሰፈራችን በኩል ሲያልፍ እንዲወስድልኝ ለምኜዋለሁ። ደብዳቤው እጅሽ ሲገባ ማክሰኞ አልፏል፤ እኔ ውጤቱን አውቄዋለሁ። እሁድ ስትደውዪ መጀመሪያ ስደቢኝ። የሚበቃሽን ያህል ስደቢኝ፣ ወረፋተኛው ይጠብቅ። ከዚያ ያሉኝን ቃል በቃል እነግርሻለሁ፤ ከዚያም ትመጪ እንደሆን፣ ውልሽን ትጨርሺ እንደሆን አብረን እንወስናለን።

ሾፌሩ መጥቷል፤ ከታች ክላክሱን ይነፋል፣ መልሶ መላልሶ ይነፋል። ዳኛዋ ወደ መስኮቱ ሮጠች። ድንቡሼ ለምን ጥላው እንደሄደች አልገባውም፤ ማንኪያውን እንደያዘ ወደሄደችበት ያያል።

የሚወድሽ፣ የልጆችሽ አባት