ለቅሶ ቤት የማይነሳ ውለታ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 19

ሜሮን እምቢ አለች። እኔ ደግሞ ለጋሼ ተፈራ “እሺ ብላለች” ብያቸዋለሁ። ነገ ማታ አጋሮ ይገባሉ። ምን አስቸኮለኝ?

ልጄ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከአጋሮ አንደኛ ወጣች። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ ይህን እንደሰሙ ከአዲስ አበባ ደወሉ። እሳቸው ቤት ሆና በግል ኮሌጅ ሕክምና ትማር፣ ወጪዋን በሙሉ እኔ እችላለሁ አሉ። መርካቶ የሕንፃ ዕቃ ስለሚሸጡ አያቅታቸውም። የምትተኛበትን ክፍል ቀለም አስቀብተዋል። እኔም ከደስታዬ ብዛት ሳልጠይቃት እሺ ብላለች አልኩ። የማይጠየቅ ነገር መስሎኝ።

ዛሬ ስነግራት ሹሩባዋን እየፈታች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው የምሞላው፣ ጅማን አንደኛ አድርጌ፣ አለችኝ። ቅጹ ሰኞ ትምህርት ቤት ይመለሳል።

ጋሼ ይቀየማሉ። መንግሥት ጅማ ባይመድባትስ? ሕክምናው ባይደርሳትስ? ባለቤቴን ዘውዱን ምን ይሻላል ብለው ትንፍሽ አላለም። የቡና ማጠቢያ ማሽን ሲጠግን የዋለ ሰው እንቅልፍ እንጂ ሐሳብ የለውም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 20

ቢሮ ሁለት ደብዳቤ አበላሸሁ። ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ቀን አላሳለፍኩም።

በምሳ ሰዓት የሜሮን ክፍል ኃላፊ መምህር ጋ ሄድኩ፤ ይመክሩልኛል ብዬ። እሳቸው ጭራሽ እኔን መከሩኝ። ከክፍሉ የላቀ ውጤት ያመጡት ሁሉ የመንግሥት ነው የሚሞሉት አሉ። የቡና ነጋዴው ልጅ እንኳ፣ አባቱ ሁለት የጭነት መኪና ያለው! ለምን ስላቸው፣ የነባር መምህራኑም የበሽተኛውም ብዛት እዚያ ነው፤ በሽተኛ በብዛት ሳያይ ሐኪም የሆነ ምን ያውቃል አሉኝ። ምግቡና አልጋውም እዚያው ነው፤ የወጪ መጋራቱን ሥራ ስትይዝ ከደመወዟ ትከፍላለች።

እኔ የመንግሥት ሲባል ዘመድ የሌለው የሚሄድበት ይመስለኝ ነበር። አፍሬ ወጣሁ።

ጋሼ ሲመሽ ገቡ። ለእኔ ነጠላ፣ ለዘውዱ ኮት፣ ለሜሮን የሐኪም ነጭ ጋውን ይዘዋል። ሜሮን ጉልበታቸውን ስማ ተቀበለች፤ ጋውኑን ግን አልለካችውም። እሳቸው ደክሟት ነው ብለው አለፉት። ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 21

ዝናቡ ጋብ ሲል ጓሮ ልብስ ስናጥብ ያዝኳት። የአጎትሽን ልብ እንዴት ትሰብሪያለሽ አልኳት። በመጀመሪያ መምህሩ ያሉትን ደገመችልኝ። እኔም ሰምቻለሁ፣ ሌላ ምክንያት አለሽ አልኩ። ውለታ ቢስ አልኳት። ይህን ጊዜ አንሶላውን ሳፋው ውስጥ ለቀቀችው።

“እማዬ፣ መንግሥት ለቅሶ ቤት አያነሳብኝም” አለችኝ።

ገባኝ። አለመግባት አይቻልም። ጅማ የጽሕፈት ሙያ የተማርኩት በጋሼ ገንዘብ ነው። ያኔ አባባ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ ጋሼ ባይኖሩ ቁጭ ብዬ እቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ በሠርጌ ቀን “እኔ ነኝ ያስተማርኳት” አሉ። በሜሮን ክርስትና አሉ። አባባ ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እንኳ፣ ለማያውቁት ለቀስተኛ ሁሉ አሉ። በፍቅር ነው የሚሉት፤ ኩራታቸው እኔ ነኝ። ሰው ያመሰግናቸዋል፣ እኔ ተነስቼ ጉልበታቸውን እስማለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። ማንም ልብ የሚለኝ አይመስለኝም ነበር።

“አንቺ የዚያን ጊዜ መሬት መሬት ታያለሽ” አለችኝ። “እኔ አንቺን አያለሁ።”

አንሶላውን አንስቼ ጠመዘዝኩት። ልጅ ምንም አያውቅም እያልን ስንቱን ፊቱ እናደርጋለን!

ማታ ጋሼ የመንግሥት ምደባን አነሱ። ሰውየው የዋዛ አይደሉም፣ ሳይሸታቸው አልቀረም። ምደባ ዕጣ ነው፤ አገር ዳር ቢጥላት፣ በአንድ ክፍል ታጭቀው ቢያድሩ፣ ብትታመም ማን አላት አሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ሌላ የሚያባንነኝ የለም። ቀጥለው ግን፣ እኔ ቤት ሆና ለልጆቼም ታስጠናልኛለች፣ እናታቸውም ታርፋለች አሉ። ሦስት ልጆች አሏቸው። በዚያ ቤት እሷ መቼ ልታጠና ነው?

እሑድ፣ ነሐሴ 22

ጎረቤት እንኳን ደስ ያላችሁ ሊል መጣ። ዶሮ ሠርቻለሁ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለብቻ ምስርና ሽሮ አቀረብኩ። ከነሱ መካከል የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ቢያ ነበሩ።

ከተበላ በኋላ ጋሼ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ቃሉን ከአፋቸው ቀድሜ አወቅሁት። “ይቺን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ልጇን ላስተምር ነው” አሉ። አባ ቢያ እጃቸውን ከፍተው “ረቢ ኢሲኒፍ ሃ ኬኑ፣ እሱ ይስጥዎት” ብለው መረቁ። ሰው ሁሉ አሜን አለ።

ተራው የእኔ ነበር። ጉልበት መሳም። አልተነሳሁም። ሜሮን በር ላይ ሆና ታየኛለች። እንደ ልማዴ ወደ መሬት ልመለከት ስል እሷን አየሁ፣ ከዚያ ጋሼን አየሁ።

“ጋሼ፣ እሺ ብላለች ያልኩዎት ውሸቴን ነው። ሜሮን የመንግሥት ነው የምትሞላው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ።

ከዚያ ዘውዱ፣ ሐሳብ የለውም ያልኩት ሰው፣ “ለእኔ ቀድማ ነግራኛለች። ልክ ናት” አለ። ለእኔ ሳትነግረኝ! እሱን በኋላ አነጋግረዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አቅም አጣሁ።

ጋሼ አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እጃቸውን ታጠቡና ክረምቱ ዘንድሮ በረታ አሉ። አባ ቢያ ስለ ዝናቡ ጨዋታ አነሱላቸው። እግዜር ይስጣቸው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 23

ንጋት ላይ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ቁርስ አልበሉም። አውቶቡሱ በር ላይ ቆሙና “አንቺ ያን ጊዜ እንዲህ እምቢ ብትይኝ ኖሮ የት ትደርሺ ነበር?” አሉኝ።

“የትም” አልኳቸው። “እምቢ የምልበት ሌላ በር አልነበረኝም። ለሷ አለላት። እርስዎ ባያስተምሩኝ ደግሞ ይህን የምነግርዎት አፍ አይኖረኝም ነበር፣ ጋሼ።”

አዩኝ። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አስቀሩኝና ገቡ። ከፍቅር ይሁን ከቅያሜ አልለየሁትም፣ አሁንም አልለየሁትም።

ሜሮን ቅጹን አስገባች። ምደባው መቼ እንደሚወጣ አይታወቅም። ጅማ ትድረሳት፣ አገር ዳር ትጣል፣ አንዱን አምላክ ነው የምለምነው። ጋውኑን ግን ለክታው አገኘኋት፤ ትከሻው ላይ ሰፍቷታል።

ሲመሽ ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። በሰላም ገብቻለሁ አሉ። ከዚያ፣ “ሁለተኛ ምርጫዋ የት ነው?” አሉ። እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ እውነትም አልጠየቅኋትም። እሷን ስጪኝ አሉኝና ስልኩን ሰጠኋት።

ረጅም ሰዓት አወሩ። ስለ መኝታ፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ጅማ ሆስፒታል። አንድ ጊዜ ሜሮን ስትስቅ ሰማሁ። አጠገቧ ቆሜ እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ጠበቅሁ። ስልኩን ለእናትሽ መልሺላት አላሏትም።