የሰብለ ዘንግ እጀታ

ማክሰኞ ጥቅምት 13

ጠዋት አበላሸሁት። ልጄ ሰብለ ፊቷን እየታጠበች ነበር፣ እኔ እስክትወጣ ልጨርስላት ብዬ የዓሣ ማጥመጃ ዘንጓን እጀታ በቤንዚን ጠረግሁት። ጋራዥ ዕቃ ግምጃ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ስሠራ ቤንዚን የማያጸዳው ነገር አላየሁም። እጀታው ስፖንጅ መሆኑን ረሳሁ። መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ እጄ ላይ ተጣበቀ፣ ጨርቁን ስስበው እየተቆረሰ አብሮ መጣ። በጋዜጣ ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ ላይ ወረወርኩትና ወጣሁ። ደህና ዋይ እንኳን አላልኳትም።

ለምን እንዳጸዳሁት፦ የዓሣ ሽታ ነበረው። እሑድ ከመሥሪያ ቤቷ ሰዎች ጋር ዝዋይ ትሄዳለች። እንዳያሳፍራት ብዬ ነው።

ቀኝ እጇን በሦስት ዓመቷ ልምሻ መታት። ጣቶቿ ጨርሰው አይጨበጡም። ዘንጉን የሠራላት ዝዋይ ያለው አጎቷ ነው፣ እጀታውን አወፍሮ፣ በእሷ እጅ ልክ። ሌላ ዘንግ ያመልጣታል። መዝገብ ቤት ከተቀጠረች ሁለት ዓመቷ፣ አንድም ቀን ሽርሽር አብራቸው ሄዳ አታውቅም። “እጄን ያዩኛል” ትላለች። ዓሣ ማጥመድ ነው ሲባል ራሷ ሄዳ ስሟን አስመዘገበች። አባቷ ደግሞ ይሄን አደረገላት።

አምስት ቀን አለኝ።

ረቡዕ ጥቅምት 14

በምሳ ሰዓት ዘንጉን ይዤ መርካቶን ዞርኩ።

– ፍራሽ ሰፊው፦ ያለው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ሲጨብጡት ይሟሽሻል፣ እጅ ላይ ምንም አይቀርም።
– ጎማ ተራ፦ የመኪና ጎማ ውስጠኛው ካላማዳሪ ብቻ። ሲረጥብ ያንሸራትታል።
– ሶማሌ ተራ፦ ነጋዴው “የሬዲዮ አንቴና ነው?” አለኝ። ትቼው ሄድኩ።
– ምናለሽ ተራ፦ ከድር። ከአሮጌ ጎማ በረባሶ ጫማ የሚሠራ ስልጤ ነው።

ከድር የተረፈውን ስፖንጅ በጥፍሩ ፍቆ አሸተተ። “ጋሼ፣ ቤንዚን አጠጥተውታል። የቤንዚን ኩፖን ተርፎዎት ነው?” አጠገቡ ያሉት ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ።

ይሠራል አለ። የነጠላ ጫማ ሶል ክብ ክብ ተቆርጦ፣ መሐሉ ተበስቶ፣ እንደ ዶቃ ዘንጉ ላይ እየተሰካ በማስቲሽ ይጣበቃል። ሶሉን ግን እርስዎ ያምጡ አለኝ። ዘንጉን እሱ ጋ ተውኩት።

ነጠላ ጫማ ገበያ ላይ ከጠፋ ስንት ጊዜው። የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። አልጋ ሥር። ባለቤቴ አስካለ ባለፈው ወር ቀበሌ ሱቅ ግማሽ ቀን ተሰልፋ ያገኘችው፣ አረንጓዴና ነጭ ሶል ያለው፣ ገና እግሯ ያልገባበት።

ሐሙስ ጥቅምት 15

ወሰድኩት። ለአስካለ አልነገርኳትም።

ከድር ሶሉን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ይበቃል አለ። “ምን ያህል ላወፍረው?” በራሴ እጅ ጨብጬ አሳየሁት። እጄን ያዘና ገልብጦ አየው። “የሚይዘው እርስዎ ነዎት?” ልጄ ናት አልኩ። “እንግዲያው ልጅዎን ያምጧት። በእርስዎ እጅ ለክቼ እሷ ብትጥለው፣ የሚሰደበው ከድር ነው።” እጇ ችግር አለበት አልኩት። “ታዲያ እኮ ለዚሁ ነው የምልዎት” አለ።

ይሄን ነበር የፈራሁት። አማራጮች፦

1. ዘንጉ ተሰረቀ ማለት።
2. በግምት ማሠራት።
3. መንገር።

ተክለ ሃይማኖት እስክደርስ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ቤት ስገባ ሰብለ ወንበር ላይ ወጥታ ቁም ሳጥኑን ትዳብሳለች። “አባዬ፣ ዘንጌን አይተሃል?” እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ከወንበሩ ወረደች። በቃ ከጉዞው ቀረች አልኩ በልቤ። “ሸተተ ብለህ ነው?” አለች። አዎ አልኩ። “የዓሣ ማጥመጃ ምን ይሽተት ታዲያ፣ ሽቶ?” እናቷ ከጓዳ ሳቀች።

የነጠላ ጫማውን ነገር በዚህ መሐል ሳላነሣው ቀረሁ።

ዓርብ ጥቅምት 16

በምሳ ሰዓት ሰብለን ይዤ ሄድኩ። ከድር የለም፣ ለጁምዓ ሄዷል። ዓርብ መሆኑ እንዴት እንደጠፋኝ። እሷ ስምንት ሰዓት ሥራ ትገባለች። ሰዓቴን አሥር ጊዜ አየሁ። ሰባት ተኩል ላይ መጣ።

እጇን ትኩር ብሎ አላየም። ባዶውን ዘንግ አስያዛትና ከካላማዳሪ የተቆረጠ ጥብጣብ ለልክ ይጠመጥምበት ጀመር። “ሲመችሽ በቃ በይኝ።” አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት። ሰባተኛው ዙር ላይ ጠየቃት፣ ገና አለች። ዘጠኝ ላይ “በትንሿ ጣቴ በኩል ይጨምሩልኝ” አለችው። እዚያ ጋ ብቻ ሁለት ዙር ጨመረ።

ለካስ አሮጌው እጀታ ቀጥኖባት ነበር። አጎቷ ሲሠራው አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፣ እጇ አድጓል። እንዳይከፋው ብላ ለማንም ሳትናገር እንደዚያው ስትታገል ኖራለች።

“በቃ” አለችና ዘንጉን ወደ ኋላ ስባ መንጠቆ እንደሚጥል ሰው ወደ ፊት ሰነዘረች። የሚያልፍ ተሸካሚ ከነጆንያው ጎንበስ አለ። “እኅቴ፣ እኔ ዓሣ መሰልኩሽ?” ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ሰብለ እየሳቀች ድጋሚ ሰነዘረች። በቀኝ እጇ፣ መርካቶ መሐል።

ቅዳሜ ጥቅምት 17

ዘንጉን አመጣሁ። ከድር በብርጭቆ ወረቀት ሞርዶ አለስልሶታል። አረንጓዴ መስመር፣ ነጭ መስመር፣ በትንሿ ጣት በኩል ወፈር ያለ። አሁን ደግሞ ማስቲሽ ይሸታል። አልነካሁትም።

አስካለ እጀታውን ዳሰሰችና ቀለሙ ላይ ቆመች። ሄዳ አልጋ ሥር አየች። ተመልሳ “አንተ ሰውዬ፣ እኔ በምን እንድሄድ ነው?” አለችኝ። ወዲያው ቀጠለች፦ “ልጅቷ ደህና ደርሳ ትምጣ፣ ከዚያ እንነጋገራለን።”

እሑድ ጥቅምት 18

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ሸኘኋት፣ አውቶቡሳቸው እዚያ ይጭናል። ዳቦ፣ ውሃ፣ ሹራብ፣ ዘንግ። አንዱ የሥራ ባልደረባዋ “ይሄ እጀታ የየት አገር ነው?” አላት። “የምናለሽ ተራ” አለችው።

ቀኑን ሙሉ ስፈራ የዋልኩት፦ ማስቲሹ ሳይደርቅ ይሆን። ፀሐይ ያቀልጠው ይሆን። ሰው ይስቅባት ይሆን።

ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ገባች። ፊቷ በፀሐይ ተቃጥሏል። አንድም ዓሣ አልያዘችም። ዘንጉ ግን አንድ ጊዜ እንኳን አላመለጣትም። ለሚቀጥለውም ጉዞ ስሟን አስመዝግባለች። እጀታውን በጥፍሬ ዙሪያውን ሞከርኩት፣ የተላቀቀ የለም።

የከድር ሙሉውን ተከፍሏል። ያልተከፈለ፦ የአስካለ ነጠላ ጫማ፣ አንድ ጥንድ፣ ቁጥር 38። ቀበሌ ሱቅ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።