ሞተህ እንደሆነ ንገረኝ

ውድ ላውሪያኖ፣

ደብዳቤ ሲጀመር የጤና ሰላምታ ይቀድማል። እኔ ግን «እንደምን ከርመሃል» ብዬ ልጽፍ ስል ብዕሩ አልሄድ አለኝ፤ መክረምህንስ በምን አውቄ? ስለዚህ ሳልዞር ሳልጠመዝዝ ልጠይቅህ፦ አለህ ወይስ የለህም?

ነገር ፍለጋ እንዳይመስልህ። ያ የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ይዞህ ከሄደ ጀምሮ ይህንኑ ጥያቄ በብዙ መልኩ ጠይቄዋለሁ። መጀመሪያ እያለቀስኩ፣ ቀጥሎ እየተናደድኩ፣ በኋላም ዓሣ እየጠበስኩ ድንገት ትዝ ሲለኝ። ከዚያ ተውኩት። አሁን የቀሰቀሰው መንግሥት ነው። አዎ፣ የአንተን መሞት አለመሞት ለማወቅ መንግሥት ጓጉቷል፤ እኔም አብሬው ጓጓሁ።

የትኛው መንግሥት ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ፣ አንተ ስትሄድ ጓም የስፔን ነበረች። አምና አንድ የአሜሪካ የጦር መርከብ ብቅ አለና በአሮጌው ምሽግ ላይ መድፍ ተኮሰ። የኛዎቹ ስፔኖች ሰላምታ መሰላቸው። ጦርነት መከፈቱን የነገራቸው ሰው የለም። እናም ሹሞቹ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው በጀልባ ሄዱና «ባሩድ ስለሌለን ሰላምታችሁን መመለስ አልቻልንም፣ ይቅርታ አድርጉልን» አሏቸው። በማግስቱ ሁሉም እስረኛ ሆኑ። አንተ ብትኖር ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ከዚያ አሜሪካኖቹ ስፔኖቹን ጭነው ሄዱና፣ ዓመት ለሚሆን ጊዜ ማን እንደሚገዛን በቅጡ ሳናውቅ ኖርን። እውነቱን ልንገርህ፣ ደህና ዓመት ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ገዥ መጣ። ይህ ሰው ትእዛዝ ይወዳል። የስፔን ቄሶችን ከደሴቲቱ አስወጣ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ጎህ ሲቀድ እንዳይደወል ከለከለ፤ እንቅልፍ ነሥቶት ነው ይላሉ። ሰው ሁሉ ዶሮ እንዲያረባ አዘዘ። ዶሮውስ ይሁን፣ ደግሞ ዶሮ ማን ይጠላል? ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ነው እኔ ቤት ድረስ የገባው፦ ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ ወንድና ሴት ሁሉ ከሙታን ቀን ማግስት በፊት ይጋቡ፤ አለበለዚያ ይለያዩ፤ እምቢ ያለ ይቀጣል።

ይህን በአደባባይ በኛ ቋንቋ ያነበቡልን ሽማግሌው ቱን ቤኒቶ ናቸው። ታስታውሳቸዋለህ፣ ከአንተ ቀድመው በመርከብ ሄደው፣ ከአንተ በተለየ ግን የተመለሱት። እዚያ በለመዱት እንግሊዝኛ ዛሬ የገዥው አስተርጓሚ ሆነዋል። አንብበው ሲጨርሱ አንዷ ከኋላ «ቱን ቤኒቶ፣ ገዥው ሚስት የለውም እንዴ?» አለችና አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ ግን አልሳቅኩም። ኮስሜ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ኮስሜን አታውቀውም። የኢናላሃን መንደር ሰው ነው። አንተ በሄድክ በጥቂት ዓመት ውስጥ በመጣው ከባድ አውሎ ነፋስ የእናትህ ጣሪያ ሲወሰድ ሊሠራልን መጣ። ጣሪያውን ጨርሶ አጥሩን ጀመረ፤ አጥሩን ሲጨርስ የጉድጓዱ አፍ መፍረሱን አየ፤ እንዲህ ሥራ እየፈለገ ቆየ። ዛሬ ሁለት ልጆች አሉን። እናትህ አብረውን ይኖራሉ፣ እሱ ያጠመደውን ዓሣ ይበላሉ፣ እሱ የተከለውን ጎደሬ ይበላሉ፣ የሚያኝኩትን የፑግዋ ፍሬ የሚለቅምላቸውም እሱ ነው። ስሙን ግን ጠርተው አያውቁም። «እንግዳው» ነው የሚሉት። «እንግዳው ዛሬ ባሕር ወረደ?» ይላሉ። «እንግዳው ልጁን ለምን አስለቀሰው?» ይላሉ፣ ልጁ የራሱ የእንግዳው ልጅ ሆኖ ሳለ።

በአሜሪካኖቹ አገር ኖረህ ከሆነ አንድ ነገር ንገረኝ። እውነት በአሜሪካ ሰው ሁሉ ተጋብቶ ነው የሚኖረው? መርከበኞቻቸውን ሳይ እንደዚያ አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ባሕር አቋርጦ፣ መድፍ ጭኖ የመጣ ሰው፣ ከደረሰ በኋላ የሚያስጨንቀው ሩፊና ከማን ጋር ትተኛለች የሚለው እንዴት ይሆናል? ክፋት ነው እንዳልል፣ ጋብቻው ክፍያ የለውም፤ የስፔኖቹ ግን ነበረው። ደግነት ነው እንዳልል ደግሞ ማስፈራሪያ አለበት። ሳስበው እውላለሁ፣ አይገባኝም።

ከተማው ግን ሠርግ በሠርግ ሆነ። ጥርስ የሌላቸው ሙሽሮች አየን። የልጅ ልጆቻቸው ሚዜ የሆኑላቸው አሉ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ታን ሩፐርታ እንኳ ከሽማግሌያቸው ጋር ሲመለሱ «አሁን ባሌ ነው፣ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ልቤ እሰድበዋለሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሁሉም ቀላቸው። እኛ ብቻ ተያዝን፣ ምክንያቱም እኔ ባል አለኝ። አንተ አለኸኝ።

የኛው ተወላጅ ቄስ፣ የቀሩልን እሳቸው ናቸው፣ ሌላ ላግባ ብዬ ድሮም ጠይቄያቸው ነበር። «ሬሳውን ያየ ሰው አምጪ» ነበር ያሉኝ። የባሕር ሬሳ ማን ያያል? አሜሪካኖቹ ጋ ስሄድ ትንሽ ይሻል ነበር፦ አንቺ መሞቱን ተናገሪ፣ ከሟቹ የሥጋ ዘመድ አንድ ሰው ይመስክር፣ ይበቃል ተባልኩ። የአንተ የሥጋ ዘመድ በጓም ምድር አንድ ሰው ብቻ ነው። አንተም ታውቃለህ።

እናትህ በሙታን ቀን ለአባትህ መቃብር ላይ ሻማ ያበራሉ፤ ለአንተ አብርተው አያውቁም። አንድ ጊዜ አንድ ሰው ሳያስበው «ላውሪያኖ፣ ነፍሱን ይማረው» ቢል በያዙት ጭልፋ አባረሩት። እንግዲህ እኚህን ሴት «ልጄ ሞቷል ብለው ይማሉልኝ» ብዬ እንዴት እጠይቃለሁ? አልጠየቅኩም።

ኮስሜ አንድ ቀን መረቡን እየጠገነ «እኔ ወደ እርሻው ልውጣ» አለኝ። «ዓሣውን እየላክሁ እዚያ እኖራለሁ። ልጆቹን እሑድ እሑድ አያለሁ።»

«ማን ፈቀደልህ?» አልኩት።

«ገዥው።»

«እኔ ነኝ የዚህ ቤት ገዥ።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቱን ሳያነሳ «ይሄ ትእዛዝ ባይመጣ ግን ታገቢኝ ነበር?» አለ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ እንዴ?»

«ባል አላት አሉኝ።»

እወደዋለሁ፣ ላውሪያኖ። ይህን ለአንተ መጻፍ ነውር ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ለሌላ ሰው ብጽፈው ግን ጉዳዩ አይደለም። አንተን ስወድህ ልጅ ነበርኩ፣ ጊታርህንና ሳቅህን ወደድኩ። እሱን የወደድኩት ቀስ ብዬ ነው፣ መቼ እንደጀመርኩ እንኳ አላውቅም። ወደ እርሻው ልውጣ ሲለኝ ቤቱ ሁሉ ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ አንተ ስትሄድ እንደዚያ መሆኑን አላስታውስም። አትቀየመኝ።

አሜሪካኖቹ ዘንድ ቃሌን ልሰጥ እንደምሄድ የሰማ ሰው ሁሉ አንተን ይገድልህ ጀመር። አንዱ በሻርክ አስበላህ። አንዷ በሰሜን ባሕር በረዶ ውስጥ አደረቀችህ። ታን ሩፐርታ በአንዲት የሃዋይ ሴት ምክንያት በቅናት አስወጉህና እኔን አበሸቁኝ። ቱን ቤኒቶ ግን መንገድ ላይ ጠብቀው መከሩኝ፦

«ሰጠመ በይ። መስጠም ንጹሕ ነው፣ ጥያቄ አያበዛም።»

«ግን ሰጥሟል?»

«ልጄ፣ እሱን ባሕሩ ነው የሚያውቀው። ስፔን ለአሜሪካ ስትሰጠን ማን ጠየቀን? አንቺን ቢያንስ እየጠየቁሽ ነው፣ መልስ ስጪ።»

ከኮስሜ ጋር ሄድን። ጋብቻ የሚመዘግበው አሜሪካዊ መኮንን ልጅ እግር ነው፣ ፀሐይ አፍንጫውን ልጦታል። ቱን ቤኒቶ መሐል ቆሙ። መኮንኑ ጠየቀ፣ እሳቸው ተረጎሙ፦ «ባልሽ ላውሪያኖ ሞቷል?»

ሰጠመ ልል አፌን ከፈትኩ። በዚያች ሰዓት ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርህ? ጀልባው ላይ ሆነህ ባርኔጣህን ስታወዛውዝልን፣ አንዱ እግርህ ጫማ የለውም ነበር፤ ለጀልባው ስትሮጥ አሸዋ ውስጥ ጥለኸው። ሰው አንድ ጫማ አድርጎ ሄዶ የት ይደርሳል ብዬ ብዙ ቀን አስቤበት ነበር። ያንን ሰው ገደል ልክተተው?

«አላውቅም» አልኩ።

ቱን ቤኒቶ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከተረጎሙለት በኋላ መኮንኑ ብዕሩን አስቀመጠ። ኮስሜ ኮፍያውን አነሣ። እኔ ግን ልጆቹ እሑድን ብቻ ሲጠብቁ ታየኝና አለቀስኩ።

በረንዳው ላይ አንድ ሰው ምራቁን ሲተፋ ሰማን። እናትህ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሻሻቸውን ጣል አድርገው፣ ፑግዋቸውን እያኘኩ ገቡ። ማንም አልጠራቸውም። እኔን አላዩኝም፣ ኮስሜንም አላዩትም፤ ቀጥ ብለው መኮንኑ ፊት ቆሙ። ወንበር ሰጣቸው፣ አልተቀመጡም።

«ማን ነዎት?» ተባሉ።

«የላውሪያኖ እናት። ከእኔ ሌላ ማን ሊሆን?»

«ልጅዎ ሞቷል?»

እናትህ ማኘካቸውን አቆሙ። እጃቸው ቀሚሳቸውን ጨበጠው፤ ፊታቸው ግን ምንም አልሆነም።

«ለዚች ልጅ ሞቷል» አሉ። «ጠበቀችው፣ አልመጣም፤ እኔን ጥላኝ ልትሄድ ስትችል አልሄደችም፣ አጠበችኝ፣ አበላችኝ። ለእሷ ሞቷል፤ ጻፈው። ለእኔ ገና ነው። ለእኔ የሚሞተው እኔ ስሞት ነው። ይህንንም ጻፈው።»

ቱን ቤኒቶ ወደ መኮንኑ ዞረው አንዲት ነገር ብቻ ተናገሩ። መኮንኑ ራሱን ነቅንቆ ጻፈ።

«ምን አልከው?» አሉ እናትህ።

«አዎ አልኩት።»

«ያን ሁሉ?»

«በእንግሊዝኛ አጭር ነው፣ ታን ኒኮላሳ።»

እናትህ በትዝብት አዩዋቸው። «ድሃ ቋንቋ» አሉና ወጡ።

ተጋባን። ለመጋባት የወሰደው ጊዜ አንድ ጎደሬ ለመላጥ ከሚወስደው አይበልጥም። ቤት ስንደርስ እናትህ የድግስ ቀይ ሩዝ ሠርተው ጠበቁን። ኮስሜ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሊስም ሲል ዘረጉለት፣ ከዚያ በፊት ዘርግተውለት አያውቁም። «እንኳን ደስ ያለህ፣ እንግዳው» አሉት።

ከዚያ የሙታን ቀን መጣ። መቃብር ሄደን እሳቸው ለአባትህ ሻማ ሲያበሩ፣ እኔ በሕግ የሞተብኝ ባል አለኝና፣ ለአንተ አንድ ልለኩስ አወጣሁ። እጄን መቱኝ። ሻማው ሣር ላይ ወደቀ።

«ማን ሞተና?» አሉ።

አነሣሁትና ወደ ቤት መለስኩት።

እንግዲህ ይህ ነው የሆነው። ደብዳቤውን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ የሚመለስ መርከብ ይወስደዋል፤ ቱን ቤኒቶ እዚያ ወደብ የኛ ሰዎች የማይጠፉበት አንድ መጠጥ ቤት አለ ብለው ስሙን በላዩ ጽፈውልኛል። እዚያ ሊያገኝህ ይችላል፣ ላያገኝህም ይችላል። ካገኘህ ግን ለእኔ እንዳትመልስ። የእኔና የአንተ ነገር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት አልቋል፤ የሚከፋኝም አይደለም። ለእናትህ ጻፍላቸው። አንዲት መስመር ትበቃለች፦ አለሁ በል። ማንበብ ስለማይችሉ የማነብላቸው እኔው ነኝ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጆሯቸው ሥር ቁጭ ብዬ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ደብዳቤህን እጃቸው ላይ አስቀምጬ ወደ ባሌ እሄዳለሁ፤ ለገዥው አንዲት ቃል አልነግረውም።

የሞትክባት፣
ሩፊና
አጋኛ