መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ

ኮኪት፣ ሐሙስ ኅዳር 12

ውድ አባዬ፣

እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። በሕይወት እያለህም ቢሆን ብዙ አውርቼህ አላውቅም። ከተለየኸን ይኸው ሁለተኛው የሰሊጥ አጨዳ ደረሰ። ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው፤ መንገዱም በጭነት መኪና ተጨናንቋል።

የምጽፍልህ ደስ የሚል ነገር ስለገጠመኝ ነው። ትምህርት ቤታችን ውስጥ የሰላም ክበብ ተቋቁሟል። መምህርታችን እንዴት እንደምንነጋገር፣ የተጣላን እንዴት እንደምናስታርቅ ታስተምረናለች። መልስ ከመስጠታችን በፊት የሰማነውን መልሰን መናገር አለብን። እኔ የገባሁት ዝም ብዬ ለመስማት ነበር። ሰኞ ዕለት ግን የክፍላችን ልጆች ትዕግሥትና ዝናሽ መስኮቱ ጋ ባለው ዴስክ የተነሣ ተጣሉና መምህርቷ "አንቺ አስታርቂያቸው" ብላ እኔን አስነሣችኝ።

አባዬ፣ ሁለቱ ይጯጯኻሉ፣ ልጁ ሁሉ ያጨበጭባል። ያኔ ትዝ አልከኝ። ትራክተር ላይ ሆነህ ከታች ሰው ሲጮህብህ፣ ሞተሩን አጥፍተህ ትወርድና "በል አሁን እንደ ሰው እናውራ" ትል ነበር። ሳላስበው "መጀመሪያ ሞተሩን አጥፉ!" ብዬ ጮህኩ። ክፍሉ አውካካ። እነሱም ስቀው ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ ያለችውን ሌላዋ እንድትደግመው አደረግሁ። ለካ ትዕግሥት የፈለገችው ንፋሱን ነው፤ ዝናሽ ደግሞ ከኋላ ሆና ሰሌዳው አይታያትም ኖሯል። ዝናሽ መሐል ላይ ከፊት ተቀመጠች፣ ትዕግሥትም መስኮቱ ጋ ቀረች፤ በቃ፣ አለቀ። አሁን ድምፁን ከፍ ያደረገ ሁሉ "ሞተር!" ይባላል። መምህርቷም አልቀረላትም። ካንተ የመጣ መሆኑን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ በሰማሁት ቁጥር ለብቻዬ እስቃለሁ።

ቤታችን ግን አልታረቀም። ወንድሜ ደሴ "ትምህርት ይቅርብኝ፣ የአባዬን ትራክተር ልንዳ" ብሎ ከእማዬ ጋር ተኳርፏል። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው "ወንድምሽን ብላ በይው"፣ "ጠግቤያለሁ በያት" እያሉ እኔን ስልክ አድርገውኛል። ጠዋት ልታናግረው ስትወጣ ሞተሩን ያስነሣና "አይሰማም!" ይላታል። ቅዳሜ ወደ እርሻ ሊሄድ ነው። አንዴ ከሄደ ወደ ትምህርቱ የሚመለስ አይመስለኝም።

አባዬ፣ የትራክተር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር አስታውስሃለሁ፤ ዝም ሲልም ጭምር። ነገ ጠዋት ስልክ አልሆንም። ደሴ ሞተሩን ሲያስነሣ ትራክተሩ ላይ እወጣና ቁልፉን አዙሬ አጠፋዋለሁ። ከዚያ ሁለቱንም ከጎማው ጥላ ሥር አስቀምጬ፣ "በሉ አሁን እንደ ሰው እናውራ" እላቸዋለሁ።